ለሦስት ሰው የጠጣሁት ወተት

ሰሞኑን ጎሮ ገበያ ወርጄ ነበር። ቅቤ ልገዛ ነው የሄድኩት፤ ሳልገዛ ተመለስኩ። አንዲት ቅቤ ሻጭ ወጣት ለራሷ ምሳ የያዘችውን የወተት ጮጮ ከፈት ስታደርገው፣ ያ በወይራ ጭስ የታጠነ ወተት ሽታው መጣና እግሬን ቀጥ አደረገው። እዚያው የሰው መተላለፊያ ዘግቼ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ስፋቴን የምታውቁ፣ እኔ መተላለፊያ ስዘጋ እንዴት እንደምዘጋ ታውቃላችሁ።

"እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ ልጅቷ።

"አይ፣ ስድስት ዓመቴ ሆኖ ነው" አልኳት።

ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ በኦሮምኛ "አሮጊቷን ነካ ያደርጋታል" ስትል ሰማሁ። አትሰማም ብላ ነው። ነካ ማድረጉስ ይሁን፤ አሮጊት ያለችው ነው ያናደደኝ።

ስድስት ዓመቴ የሆነው ግን እውነት ነው። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር እሆናለሁ።

ጎባ የመጣነው ጦሩ ከተራራው ሥር ድንኳኑን ተክሎ፣ ገና ጎጆ መቀለስ በጀመረበት ዘመን ነው። "መጣን" ስል በነጋሪት የመጣን እንዳይመስላችሁ። አባዬ ጠመንጃ አልነበረውም። የአንድ ባላምባራስ ድንኳን ተካይ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ "ተሰማ ካስማ" ነበር የሚለው። ዝናብ ከነፋስ ጋር በሚመጣበት ሌሊት የሌላው ሰው ድንኳን እንደ ጃንጥላ ሲገለበጥ የአባዬ አይነቃነቅም። እሱ የቋጠረውን ገመድ ከቢላዋ በቀር የሚፈታው አልነበረም።

እኔ ከሸዋ የመጣሁት በበቅሎ ነው፤ በኮርቻ ላይ ግን አይደለም። በበቅሎዋ በአንዱ ጎን በቅርጫት ሦስት ልጆች፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ተንጠልጥለናል። በሌላው ጎን የበርበሬ ስልቻ አለ። በርበሬው እየተበላ ሲቀል አባዬ ሚዛን እንዲጠብቅ ድንጋይ ይጨምርበታል። ዋቢ በረሃ ስንወርድ ንዳድ ያዘን። ትዝ የሚለኝ እዚያ ከቆየን በኋላ አባዬ ከስልቻው በኩል ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያወጣ መንገድ ዳር ሲያስቀምጥ ነው። ድንጋይ መሸከም ሰልችቶት መስሎኝ ደስ አለኝ። ቅርጫቱም ሰፋኝ። እማዬ ግን ፊቷን ወደ በቅሎዋ አንገት አዙራ ቆማ ነበር።

ጎባ ስንደርስ በቅርጫቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከሰፈሩ በታች፣ ከወንዙ ወዲያ፣ አባ ቡልቱም የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። የአገሩ ሰው ናቸው። ከብቶቻቸው ከጦርነቱ በፊት ብዙ ነበሩ ይባላል፤ እኛ ስንደርስ ጥቂት ነበሩ። የት እንደሄዱ በሰፈራችን የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሰፈራችን ሥጋ ይበላ ነበር። እሳቸውና አባዬ የተዋወቁት በአንዲት ባዝራ ምክንያት ነው። የባላምባራስ አሽከሮች የአባ ቡልቱምን ባዝራ ነድተው አመጡና አባዬን "እሰራት" አሉት። አሰራት። በማግስቱ ባዝራዋ የለችም፤ ቤቷ ገብታለች። እንደገና አመጧት፤ እንደገና አሰራት፤ እንደገና ቤቷ ገባች። ባላምባራስ ሳቁበት፤ "ድንኳን እንጂ ፈረስ ማሰር የማትችል ካስማ!" አሉት። አባዬ አንገቱን ደፍቶ "አዎ ጌታዬ፣ አልችልበትም" አለ። እኔም ከልቤ አፍሬበት ነበር። አባቴ ቋጠሮ የማይችል ሰው ነው ብዬ ለልጆች ሁሉ አወራሁ። ነገሩ የገባኝ ጡቴ ከወጣ በኋላ ነው። አዎ፣ ያን ያህል ፈጣን ነበርኩ።

አባ ቡልቱም አማርኛ የተማሩት ከወታደር ነው። ስለዚህ የሚያውቁት ትእዛዝ ብቻ ነበር። "ና! ሂድ! አምጣ! ተቀመጥ! ዝም በል!" በቃ። ሌላ አማርኛ መኖሩን የነገራቸው የለም። ደግ ነገር ሲናገሩም በዚያው ነው። እንግዳ ሲቀበሉ፣ ፊታቸው በፈገግታ በርቶ፣ "ና! ተቀመጥ! ብላ!" ብለው ይጮሃሉ። እማዬን እንኳ "ና! ተቀመጥ!" ነው የሚሏት። እማዬ ደግሞ መታዘዝ የማይሆንላት ሴት ነበረች። ባላምባራስ ራሳቸው ሲጠሯት "ሥራ ይዣለሁ" የምትል ናት። መጀመሪያ አባ ቡልቱም "ተቀመጥ!" ሲሏት ቆማ ቀረች። እሳቸውም አብረው ቆሙ። ሁለቱ እንደቆሙ ብዙ ሲቆዩ እኔና አባዬ ግን ተቀምጠን እንበላ ነበር።

ሚስታቸውን አኮ ዱሬቲ እላታለሁ፤ አኮ ማለት አያት ማለት ነው። ማለዳ ማለዳ እሷ ጋ እሄዳለሁ። ጮጮዋን በወይራ ፍም ታጥንና የታለበውን ወተት ገልብጣበት "ዱጊ፣ ኢንታላ!" ትለኛለች፤ ጠጪ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ልጅ ቋንቋ እንደ ቅማል ነው የሚይዘው፤ እኔ ኦሮምኛውን ከወተቱ ጋር ጠጣሁት።

ከዚያ ሁዳዴ ገባና እኔ ጻድቅ ሆንኩ።

የሰፈሩ ቄስ መምሬ ገብሬ አንድ ቀን "ስንት ዓመትሽ ነው?" ቢሉኝ "ስምንት" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ስድስት አጭር ቁጥር መስሎኝ መሰለኝ። "ታዲያ ትጾሚያለሽ?" "እንዴታ!" "ጎበዝ!" ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። በቃ፣ ያ "ጎበዝ" አናቴ ላይ ወጣ። እማዬ ብትለምነኝ፣ ብትቆጣ፣ ወተት እምቢ አልኩ። መንደር ለመንደር እየዞርኩ "እኔ ጾመኛ ነኝ" እላለሁ። አኮ ዱሬቲ ጋ እሄድና ጮጮው አጠገብ ተቀምጬ፣ ሽታውን እየሳብኩ፣ አልጠጣም እላታለሁ። እሷም ትስቅና ጮጮውን ክዳኑን ከፍታ ወደኔ ታስጠጋዋለች። ከሰይጣን ጋር የታገለ ባሕታዊ ስሙን ሰምታችኋል፤ ከአኮ ዱሬቲ ወተት ጋር የታገለች ግን እኔ ብቻ ነኝ።

በጾሙ አጋማሽ ላይ ወሬ መጣ። ባላምባራስ ወደ ሸዋ ተጠሩ። ዝናቡ ሳይገባ ከነሰዋቸው ሊነሱ ነው።

እማዬ ማሰሮ ታጥብ ነበር። ማሰሮውን አስቀመጠችና "እኔ አልሄድም" አለች።

"ጌታችን ሲሄዱ እኛ ምን ይዘን እንቀራለን?" አለ አባዬ። "እኔ ወታደር አይደለሁ፣ መሬት አይሰጠኝ። ቤቱም የሳቸው ነው።"

"ያ መንገድ ሁለት በልቶብኛል። ሦስተኛዋን አልሰጠውም።"

አባዬ ተነስቶ ወደ ወንዙ ወረደ፤ አባ ቡልቱም ጋ ብዙ ቆየ። ሲመለስ እኔ ቁርበት ሥር ተኝቼ ነበር፤ ማለት ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ከፍቼ።

"እንደነሱ ወግ አድርገው ይወስዳሉ" ይላታል። "ልጅ ያደርጋሉ ነው የሚሉት። ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ነው። ከዚያ በኋላ የጎሳው ልጅ ነው፤ ማንም አይነካው። ላምም ይሰጣሉ።"

እማዬም "እሺ፣ ይሁን" አለች።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ቤታችን ውስጥ ያለ ልጅ ማን ነው? እኔ ነኝ። አንድ ልጅ ይወስዳሉ፣ አንድ ላም ይሰጣሉ። እናቴም "ይሁን" ብላለች! ባዕድ ሰው ከነቤተሰቡ ወደ ጎሳው ሲገባ ልጅ ሆነ እንደሚባል፣ ልጅ የሚሆነው ያ ጺማም አባቴ እንደሆነ እኔ በምን ልወቀው?

የማልጠቅም ለመሆን ወሰንኩ። የማይረባ ልጅ በላም የሚለውጥ የለም። ከማግስቱ ጀምሮ አነከስኩ። አኮ ዱሬቲ ስታየኝ ደነገጠችና እግሬን ይዛ በቅቤ ታሽ ጀመር። "ጾም ነው!" ብዬ ጮህኩ። "እግርሽም ይጾማል?" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን የትኛው እግሬ እንደሚያነክስ ረሳሁና ሁለቱንም አሸችልኝ። ዓይኔን አጠማዘዝኩ፤ ልጅ ናት ብለው ሳቁ። ሳልኩ፤ ማር ሰጡኝ። እኔ በተበላሸሁ ቁጥር እነሱ ይበልጥ ይወዱኝ ጀመር። ምን ዓይነት ገዢዎች ናቸው!

ቀኑን የቆረጡት የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ከጨረቃና ከከዋክብት ቆጥረው ነው የሚያወጡት፤ ከዚያ ቀን ሌላ የሚሆን ቀን እስከ ክረምቱ ማግስት የለም ብለዋል። የባላምባራስ ጓዝ ደግሞ በነጋታው ይነሳል። አባዬ በግማሽ ኦሮምኛ፣ አባ ቡልቱም በሩብ አማርኛ ሁሉን ነገር ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ አንድ ነገር ብቻ አልተነሳም።

እማዬ የጾም ዳቦ ጋግራ፣ ቀሚሷን አጥባ፣ መምሬ ገብሬንም "ሰው አለን እንዲባል" ብላ ይዛ ሄደች። ከዲንሾ በኩል ሳይቀር ሽማግሌዎች በፈረስ መጥተዋል። ትልቅ የጥድ ዛፍ ሥር የበሬ ቁርበት ተነጥፏል። አባዬ፣ እማዬና እኔ ቁርበቱ ላይ ተቀመጥን። እያንዳንዱ ሽማግሌ በእጁ ለምለም ሣር ይዟል። አባ ቡልቱም ቆመው ይመርቃሉ፤ ሰዉ "ሃ ታኡ! ሃ ታኡ!" ይላል፤ ይሁን፣ ይሁን ማለቱ ነው። እኔ አንገቴን ወደ አንድ ጎን አዙሬ፣ ዓይኔን አጠማዝዤ፣ የመጨረሻ ተስፋዬን እየሞከርኩ ነው።

ከዚያ አኮ ዱሬቲ ከቤት ወጣች። ትልቁን ጮጮዋን፣ ለሠርግ የሚወጣውን በዛጎል ያጌጠውን፣ በሁለት እጇ ይዛለች። ወጉ ይኸው ነው፦ ከአንድ ጮጮ የጠጣ የአንድ ቤት ሰው ይሆናል። አባዬ እጅ ላይ አስቀመጠችለት።

አባዬ ወተቱን አየ። እማዬን አየ። እማዬ መምሬን አየች።

"ተሰማ፣ ሁዳዴ ነው" አሉ መምሬ በቀስታ።

"መሆኑን አውቃለሁ አባቴ።"

"እንግዲያስ አስቀምጠው።"

አባዬ ጮጮውን አላስቀመጠውም፤ ወደ አፉም አላስጠጋውም። እማዬ ያንን ጾም የያዘችው ዋቢ ላይ ለቀሩት ልጆቿ ስትል ነው፤ አባዬ ያውቃል፤ ጠጪ ሊላት አይችልም። ብቻውንም ጠጥቶ እሷን ባዕድ አድርጎ ሊያስቀራት አይችልም። 

ቦሩ ከመካከል ተነሳ። የአባ ቡልቱም የወንድም ልጅ ነው፤ አባቱ በጦርነቱ ሞቷል። ከኛ ሰፈር ሰው ጋር ሲነጋገር አይቼው አላውቅም። በኦሮምኛ እንዲህ አለ፦

"ላሞቻችንን ሲነዱ ወተታችን ንጹሕ ነበር። ዛሬ ነው የረከሰው?"

 አንድ ሽማግሌ የምርቃቱን ሣር መሬት አስቀመጠ። ሌላውም አስቀመጠ። አባ ቡልቱም ወደ አባዬ ዞረው አፋቸውን ከፈቱ፤ ለዚህ የሚሆን አማርኛ ግን ወታደር አላስተማራቸውም።

"ንቀት አይደለም ልጄ" አለች አኮ ዱሬቲ፤ "ጾም አላቸው። ይቺ ትንሿ እንኳ ስንት ቀን ስሰጣት እምቢ ብላኛለች።"

አባዬ ለመምሬ በአማርኛ ነገራቸው። መምሬ ጢማቸውን ያዙ።

"ሕፃንማ ጾም የለበትም። ሰባት ያልሞላው ልጅ ቢጠጣ ምንም የለበትም። ግን ይቺ ስምንት ነኝ ብላኛለች።"

"ስምንት?!" እማዬ ቁርበቱ ላይ እንዳለች ወደኔ ዞረች። "ማን ነው ስምንት ያላት? የወለድኳት እኔ! በየት በኩል ነው ስምንት የሞላት?"

"ስምንት ነኝ" አልኩ። ያኔ ዕድሜ የምጨምረው ተስፋ ቆርጬ ነው እንጂ፣ ዛሬማ ቀንሼ ስልሳ ነኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር።

"አፍሽን ክፈቺ" አሉ መምሬ።

ከፈትኩ። ጎንበስ ብለው አዩ። ሽማግሌዎቹም ምንድን ነው የሚታየው ብለው ተነስተው ከበቡኝ። ሁሉም ተራ በተራ አፌን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ገበያ ላይ በቅሎ ሲገዛ አይቻለሁ፤ መጀመሪያ የሚታየው ጥርስ ነው። አለቀልኝ አልኩ። ተሸጥኩ።

"አንድም አልነቀለችም" አሉ መምሬ ቀና ብለው። "ሕፃን ናት። ስለ ቤቱ ሁሉ እሷ ትጠጣ፤ እናንተ ለፋሲካ ትደርሳላችሁ።"

አባዬ ተረጎመ። አባ ቡልቱም ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ከዲንሾ የመጡት አዛውንት "ልጅ የጠጣው ቤት ገብቷል" አሉ። ቦሩ ግን እንደቆመ ነው።

"ና!" አሉኝ አባ ቡልቱም። "ጠጣ!"

አፌን ግጥም አደረግኩ። ከጠጣሁ የሳቸው ነኝ፤ እማዬ ላሟን ይዛ ትሄዳለች። አባዬ ጮጮውን አስጠጋልኝ፤ ፊቴን አዞርኩ። አኮ ዱሬቲ "ዱጊ፣ ኢንታላ" አለችኝ፤ ጥርሴን ነከስኩ። የሣር ኮሽታ ሰማሁ፤ ሰው መነሳት ጀምሯል።

እማዬ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር በስሜ ጠርታ "ካሰች" አለችኝ። ቁጣ አልነበረውም። "ጠጪልን የኔ እናት። በዚያ መንገድ አታስመልሽኝ።"

ድንጋዮቹ ናቸው የመጡብኝ። አባዬ አንድ በአንድ እያወጣ መንገድ ዳር ያስቀመጣቸው። ብንመለስ እዚያው ይኖራሉ፤ እማዬ ታያቸዋለች። ደግሞ ንዳድ ቢይዘኝ ቅርጫቱ ባዶ ይሆናል፤ ለባዶ ቅርጫት ሚዛን ምን ይደረጋል? ይሄን ያህል ነው ያሰብኩት። ከዚያ "ይሁን፣ ልሸጥ" አልኩና አፌን ከፈትኩ።

አንድ ጉንጭ ነበር የሚበቃው። ወጉ አንድ ጉንጭ ነው። እኔ ግን ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ የተራብኩ ጻድቅ ነኝ። ስለ አባዬ ጠጣሁ። ስለ እማዬ ጠጣሁ። ስለ ራሴ ጠጣሁ። ሰዉ "ሃ ታኡ!" አለ፤ እኔ እጠጣለሁ። አባዬ ጮጮውን ሊቀበለኝ ሲል በሁለት እጄ ያዝኩት። አባ ቡልቱም "ተው! በቃ! ቁም!" ይላሉ፤ የሚያውቁትን አማርኛ በሙሉ ጨረሱት፤ እኔ እጠጣለሁ። ጮጮው ፊቴ ላይ ተገልብጦ አናቴ ድረስ ነጭ ሆኜ ስወጣ አንድ ሰው በኃይል ሳቀ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ቦሩ ነው። መሳቁ አናዶት መሰለኝ፣ ወዲያው ፊቱን ደበቀ። ግን ተቀመጠ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አገሩ በሙሉ የሚጠራኝ አናኔ ብሎ ነው፤ አናን ወተት ነው። ካሰች የሚሉኝ መምሬ ብቻ ነበሩ።

ምርቃቱ አለቀ፤ አንዲት ቀይ ላም ከነጥጃዋ ተጎትታ መጣች። እማዬና አባዬ ተነሱ። እኔ ቁርበቱ ላይ ቀረሁ።

"ተነሺ እንጂ" አለች እማዬ።

"ሂዱ በቃ" አልኳት፤ እንባዬ ከወተቱ ጋር እየወረደ። "ላሟን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ እዚህ አይደለሁ የምቀረው?"

እማዬ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ቁርበቱ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ትስቅ ይሁን ታልቅስ አላውቅም፣ ሁለቱንም ነበር። አባዬ ለአባ ቡልቱም ሲነግራቸው ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጥለው ጎናቸውን ያዙ።

"ሂድ!" አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "እናት ጋ ሂድ! ነገ ና!"

ላሟም ከኛ ጋር ሄደች፣ እኔም ሄድኩ። መንገድ ላይ ስለ አባ ቡልቱም በጣም አዘንኩ። ንግድ ጨርሶ አይችሉም። ላም ሰጡ፣ ልጅ አልወሰዱም።

በነጋታው የባላምባራስ ጓዝ ተነሳ። አባዬ የሳቸውን ድንኳን ለመጨረሻ ጊዜ ነቅሎ ጫነላቸው፤ አንዲት ካስማ ብቻ አስቀረ። ላሟን በተሰጠን የጎጆ ቦታ ያሰራት በሷ ላይ ነው። ያቺ ላም ግን ተፈትታ ሄዳ አታውቅም።

ፋሲካ ሲሆን ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወንዙን ተሻገርን። ያ ባለዛጎሉ ጮጮ ከዚያን ቀን ጀምሮ ታጥቦ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ አኮ ዱሬቲ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። እንግዶቹ ድርሻቸውን አልጠጡበትም ትላለች። በሩ ላይ ስንደርስ አወረደችው፤ በወይራ አጠነችው። ሽታው ጓሮውን ሞላው። ወተቱን አልቦ ያመጣው ቦሩ ነበር። አባዬን ቀና ብሎ አይቶ "ዛሬስ ጾም ነው?" አለው።

"አይደለም" አለ አባዬ። ተቀበለውና ጠጣ።

ጮጮው እማዬ ጋ ደረሰ። አባ ቡልቱም ከመደባቸው ላይ ሆነው፣ ፊታቸው በፈገግታ በርቶ፣ እንደ ልማዳቸው ጮሁባት።

"ና! ተቀመጥ! ጠጣ!"

እማዬ፣ ባላምባራስን "ሥራ ይዣለሁ" የምትለው እማዬ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቁርበቱ ላይ ተቀመጠች።

"እሺ አባባ" አለች።